ጋቢ የለበሰው ዲፈረንሻል ቦንጋ እንዴት እንደ ደረሰ

ከቦንጋ ከተመለስኩ አንድ ወር አለፈኝ። ይህን የምጽፈው በቀን ግማሽ ገጽ እያልኩ ነው። ባሌ መኮንን ቢኖር «አንቺ የምትጽፊው እንደ ድንጋይ ጠራቢ ነው» ይለኝ ነበር። የለም። ስለዚህ እንደ ፈቀደኝ እዘገያለሁ።

ወደዚያ አገር ለማትሄዱ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። መኮንን በግብርና ባለሙያነቱ ግማሽ ዕድሜውን ከፋ የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ወጥቶ ደብረ ብርሃን ከገባን በኋላም በዓመት አንዴ እየሄደ ወዳጆቹን ይጠይቃል። የሚሄደው ከእኔ በፊት በተዋወቃት አረንጓዴ መኪናው ነው። ከኋላዋ ሸራ የለበሰች፣ አንዱ በሯ በገመድ የሚታሰር፣ ዝናብ ሲዘንብ ከውጭ ይልቅ ከውስጥ የምታረጥብ መኪና ናት። ከሁለት ዓመት በፊት አብሬው ሄድኩ። ከቦንጋ ወዲያ ካለችው ከዋጫ ከተማ አለፍ ብሎ ባለ አንድ ዳገት ላይ፣ መሪውን እኔ ይዤ ሳለ፣ ከኋላ «ጓ!» አለና ቆመች። ዲፈረንሻሉ ተሰበረ። ዲፈረንሻል ማለት በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መካከል የተቀመጠ የብረት ጥርስ ቤት ነው፤ የሞተሩን ጉልበት ተቀብሎ ለጎማዎቹ የሚያካፍለው እሱ ነው። እሱ ከሌለ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ መኪናው አይሄድም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ተለወጠ። በገና፣ በፋሲካ፣ በክርስትና፣ መኮንን ሁለተኛውን ብርጭቆ ካነሣ «የእኔ ሚስት ጥርሷ ጠንካራ ነው፤ ብረት ትቆረጥማለች» ይላል። ቤቱ በሳቅ ይሞላል። እኔም እስቃለሁ። ሰው በሳቅ መካከል ሲወቀስ መልስ አይኖረውም። ሊሞት ሳምንት ሲቀረው እንኳ መርፌ የምትወጋውን ነርስ «እሷ እንዳትይዝልሽ፤ ሰባሪ ናት» አላት። ነርሷ ሳቀች። እኔም።

መኪናዋ ቦንጋ፣ በወዳጁ በጋሽ ገብሬ ግቢ ቀረች። መኮንን መለወጫውን ዲፈረንሻል ገዝቶ፣ በገዛ ጋቢው ጠቅልሎ፣ አልጋችን ሥር አስቀመጠው። ብረቱ ላይ በቀይ ቀለም «41/10» ብሎ ጽፎበታል። ምን እንደ ሆነ አልጠየቅሁም፤ እሱ ቁጥር ያልጻፈበት የቤት ዕቃ የለንም። «ክረምቱ ይውጣና» አለ። ክረምቱ ወጣ፤ እሱ ታመመ።

የመኮንን ወንድም ተስፋዬ «ለቁርጥራጭ ብረት እንሽጣት» ሲል ግን እንቢ አልኩ። ሙት ዓመቱ ሳይደርስ መኪናዋን አሠርቼ፣ ራሴ ነድቼ፣ በራችን ላይ ላቆማት ለራሴ ቃል ገባሁ። የሰበርኩትን ጠግኜ እስካልመጣሁ ድረስ በዚያ ቀን የሚሰበሰበው ዘመድ እያለቀሰም ቢሆን ያቺን የጥርስ ቀልድ እንደሚደግማት አውቃለሁ።

የመጀመሪያው ቀን፦ ደብረ ብርሃን – አዲስ አበባ

ዲፈረንሻሉ የአንድ ወጠጤ ክብደት አለው። ልዩነቱ ወጠጤ በእግሩ መሄዱ ነው። እስከ መናኸሪያው ተስፋዬ ተሸከመልኝ።

«የሺዬ፣ ሌላ ሴት የባሏን ፎቶ ይዛ ትዞራለች» አለኝ ላቡን እየጠረገ።

«ፎቶ ብይዝ አንተን መቼ ያልብህ ነበር?»

አዲስ አበባ ያደርኩበት አልቤርጎ የመብራቱ ማጥፊያ ከክፍሉ ውጭ ነው። ኮሪደር ላይ የሚያልፍ ሁሉ ያበራልሃል፣ ያጠፋብሃል። አስተናጋጁ ጥቅሉን አይቶ «ስንት ሰው ናችሁ?» ብሎ ጠየቀ። «አንድ ሰውና አንድ ብረት» አልኩት። አሰበና ባለ ሁለት አልጋ ክፍል ሰጠኝ። ዲፈረንሻሉ ሁለተኛው አልጋ ላይ ተኛ። ከእኔ ይልቅ የተሻለው ፍራሽ የእሱ ነበር።

ሁለተኛው ቀን፦ አዲስ አበባ – ጅማ

የአውቶቡሱ ረዳት ጥቅሉን ነካ አደረገና «ማዘር፣ ይሄ ከላይ ነው የሚጫነው» አለ። እኔ እንዳይሰበር ብዬ ተከራከርኩ። ከጎኔ የተቀመጡ ነጠላ የለበሱ ሴትዮ ጥቁር ልብሴን አዩ፤ ጋቢውን አዩ፤ እጃቸውን ሰደድ አድርገው ቀዝቃዛውን ብረት ዳሰሱ። ዲፈረንሻል ደግሞ ከላይ ሾጠጥ፣ ከታች ሰፋ ያለ ነው።

«ደወል ነው?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ለከፋ ነው» አልኩ። አልዋሸሁም።

ሴትዮዋ ጋቢውን ሳሙት። ከኋላችን ያለው ወንበር ሰማ። ዓለም ገና ሳንደርስ አውቶቡሱ በሙሉ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት የስለት ደወል ይዛ ወደ ከፋ እንደምትሄድ አውቆ ነበር። ሾፌሩ ጥቅሉን ከጎኑ፣ ከእኛ ወንበር ፊት ለፊት አስቀመጠው። ወልቂጤ ለምሳ ስንወርድ አንድ ወታደር «እኔ እጠብቀዋለሁ» ብሎ ቀረ። ሽሮ ስበላ ሁለት ሰዎች ነፍስ ይማር አሉኝ፤ አንዱ ሙዝ ሰጠኝ። ሠላሳ ሦስት ዓመት የመኮንን ሚስት ሆኜ ስጓዝ እንደዚያ ተከብሬ አላውቅም።

ጊቤን ስንሻገር ሙቀቱ በረታ። ደብረ ብርሃን በዚያ ሰዓት ሰው ፀሐይ ፍለጋ ግድግዳ ሥር ይሰለፋል፤ እዚያ ከፀሐይ የሚሸሸግበት ግድግዳ ይፈልጋል። በሙቀቱ ይሁን በንዝረቱ አላውቅም፣ ከጋቢው ሥር ጥቁር ዘይት ጠብ አለ። ሴትዮዋ በጣታቸው ነኩት፤ አሸተቱት፤ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። አለቀልኝ አልኩ።

«እህቴ» አሉኝ በጆሮዬ፣ «ይሄ ደወል ግራሶ ይጠጣል?»

ጋቢውን ወደ ላይ ሰበሰብኩት። እሳቸው ግን መሐረባቸውን አውጥተው ማንም ሳያይ ወለሉን ጠረጉት። ጅማ እስክንወርድ ትንፍሽ አላሉም። ሲሰናበቱኝ ብቻ «ሲደወል ያሰማኝ» ብለው ሳቁ። ስማቸውን አልጠየቅሁም፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሦስተኛው ቀን፦ ጅማ – ቦንጋ

ከጅማ በሚኒባስ ነው። ወደ ጎጀብ ቁልቁል ይወረዳል፤ ከዚያ ሽቅብ ወደ ደኑ ይገባል። ደን ስላችሁ የእኛን ባሕር ዛፍ እንዳታስቡ። የእኛ ዛፍ እንደ ተማሪ ሰልፍ ለብቻ ለብቻው ይቆማል፤ የዚያ አገር ዛፍ ለብቻው ቆሞ አያውቅም፤ አንዱ ሌላውን አዝሏል፣ ሁሉም ሽበት አብቅሏል። ዝናቡም እንደኛው ነጎድጓድ አስቀድሞ አያስታውቅም። ዝም ብሎ ይጀምራል፣ ዝም ብሎ ይቀጥላል።

ቦንጋ ባጃጅ ያዝኩ። የጋሽ ገብሬ ቤት ዳገት ላይ ነው። ባጃጁ መንገድ አጋማሽ ላይ አቃሰተና ቆመ። ሾፌሩ እኔን አየ፣ ጥቅሉን አየ።

«እትዬ፣ ከሁለት አንዳችሁ ብትወርዱ።»

ወረድኩ። ዲፈረንሻሉ በባጃጅ፣ እኔ በጭቃ፣ እየተከተልኩት ወጣን።

ጋሽ ገብሬና ባለቤታቸው እትዬ አስካለ በር ላይ ጠበቁኝ። ከቀብሩ ወዲህ ስንገናኝ የመጀመሪያችን ስለ ነበር እንደ ወጉ ተላቀስን። የባጃጁ ሾፌር ማንን እንደምናለቅስ ሳያውቅ ኮፍያውን አውልቆ አብሮን ቆመ። ከዚያ ፊት ታጠብን፤ ቆጮ በጎመንና በአይብ ቀረበ። ቆጮን በመጀመሪያው ጉብኝቴ አልወደድኩትም ነበር፤ መኮንን «አፏ የገብስ ነው» ብሎ በሰው ፊት ሰድቦኛል። አሁን ግን ሁለት ጊዜ ጨመሩልኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ በላሁ። የሚሳደብ የለም።

«መኪናዋን ልይ» አልኩ።

ጋሽ ገብሬ ጢማቸውን ዳበሱ። «መኪናዋ ደኅና ናት። ሰው ገብቶባታል እንጂ።»

«ማን?»

«ንብ።»

እውነት ነው። በሾፌሩ ወንበር ሥር ባለው ሣጥን ውስጥ ሙሉ መንጋ ሰፍሯል። ጋሽ ገብሬ ማንኪራ በምትባል የደን መንደር ተወልደው ከንብ ጋር ያደጉ ሰው ናቸው። «ራሱ የመጣ ንብ አይባረርም» አሉኝ። «ባሏ የሞተባት መኪና ናት ብሎ ሊያስተዛዝናት የመጣ ነው።» በፍቅር ያሉት ነው፤ እኔ ግን እኔን ያስተዛዘነኝ ተስፋዬ እንኳ ከሦስተኛው ቀን በኋላ ወደ ቤቱ መሄዱን አስታወስኩ።

አራተኛው ቀን፦ ቦንጋ፣ ንብ ስንጠብቅ

ንቡ ወደ ቀፎ የሚዛወረው ወደ ማታ ሲሰበሰብ ነው ተባለና ቀኑን ቁጭ ብዬ ዋልኩ። ወንድሙ የሚባለው መካኒክ ጠዋት መጣ። አርባ ዓመት የማይሞላው፣ እጁ እንደ መኪናዋ የጠቆረ ሰው ነው፤ ያኔ ዋጫ ድረስ መጥቶ መኪናዋን በጭነት መኪና አስጎትቶ ያመጣልን እሱ ነበር። ሥራውን የሚሠራው እዚያው ግቢ ውስጥ ነው፤ የማይሄድ መኪና ጋራዥ አይሄድም። ግን ንብ ይፈራል። ከአጥሩ ሆኖ «እነሱ ካልለቀቁ እኔ አልገባም» አለ።

ጋቢውን ፈታሁለት። ዲፈረንሻሉን አገላብጦ አየው። ቀዩ ቁጥር ላይ ሲደርስ በአውራ ጣቱ ጠረግ አደረገው። ወደ ጋሽ ገብሬ ቀና ብሎ በካፊኖኖ፣ በአገሩ ቋንቋ፣ አንድ ነገር ተናገረ። ጋሽ ገብሬም ባጭሩ መለሱና ቀፎ ለማየት ድንገት ወደ ጓሮ ሄዱ። ሃያ ስምንት ዓመት አስተምሬአለሁ፤ የተደበቀ ነገር ያለበት ልጅ ምን ዓይነት ፊት እንዳለው አውቃለሁ። ሽማግሌም ያው ነው።

«ምን አላችሁ?» አልኩት ወንድሙን።

«ጥሩ ዕቃ ነው አልኩ፣ እትዬ።»

«ጥሩ ዕቃ ለማለት ሽማግሌ ይሸሻል?»

ወደ ሰማይ አየ። «ዝናብ ሊመጣ ነው» አለ። ቦንጋ ይህን ያለ ሰው አይሳሳትም።

አመሻሹ ላይ ጋሽ ገብሬ በጭስ እያባበሉ መንጋውን ወደ ቀፎው አስገቡ። አንዲት ንብ ግን ከንፈሬን ነደፈችኝ። እትዬ አስካለ ያበጠውን እያዩ «ተይው፣ ነገ ብዙ እንዳትናገሪ ነው» አሉ። ለምን እንዳሉት የገባኝ በማግስቱ ነው።

አምስተኛው ቀን፦ ቆጠራ

ተስፋዬ ማለዳ ደወለ። «ከዓይንሽ እንዳይጠፋ! መካኒክ ዕቃ ይቀይራል!» ስለዚህ በርጩማ ይዤ ከመኪናዋ ኋላ ተቀመጥኩ።

«እትዬ፣ ጥበቃ ነዎት?» አለ ወንድሙ።

«ታዛቢ ነኝ።»

«የተሰበረ ነው እኮ። ማን ይሰርቀዋል?»

የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ አስደገፈ፤ የኋላዋን በክሪክ አነሣ። የጠቆረውን ዘይት አፈሰሰ። ከግራና ከቀኝ ጎማ ወደ መሐል የሚገቡትን ሁለት ዘንጎች እንደ ቀስት ከሰገባ መዘዛቸው። ከሞተሩ የሚመጣውን ዘንግ ፈታ፣ ከዚያ ዙሪያውን ያሉትን ቡሎኖች። አሮጌው ዲፈረንሻል እየተንፏቀቀ ወጣ። የረገፉ ጥርሶች ከሥሩ ጭቃው ላይ ዘነቡ። አንዱን አነሣሁት፤ እንደ በቆሎ ፍሬ ያክላል። ሁለት ዓመት የተሰደብኩባት ይህቺ ናት አልኩ።

በዚህ ጊዜ ጋሽ ገብሬ መጡ። ሁለቱን ዲፈረንሻሎች ጎን ለጎን አስቀመጡና ከሰል አምጥተው እጄ ላይ አኖሩ።

«ማስተማር ነው የተውሽው፤ መቁጠር አልተውሽም። ቁጠሪ።»

«ምኑን?»

«ጥርሱን። እያንዳንዱ ላይ ምልክት እያደረግሽ።»

ትልቁን ክብ ጥርስ ኮሮና ይሉታል፣ እሱን የሚያዞረውን ትንሹን ፒኞን። ቆጠርኩ። የትንሹ ጥርስ በሁለቱም አሥር ነው። ትልቁ ግን በእኔ ደወል ላይ አርባ አንድ፣ በአሮጌው ላይ፣ የረገፈውን ቦታ ጨምሮ፣ ሠላሳ ሰባት። ደግሜ ቆጠርኩ። ሠላሳ ሰባት።

ደስታዬን አልደብቅም። «ይኸውላችሁ!» አልኩ ባበጠ ከንፈሬ። «ደግሞ እኔን ሰባሪ ይለኛል! የማይገጥም ዕቃ ገዝቶ፣ ቁጥሩንም በቀይ ጽፎ፣ ጋቢ አልብሶ አስቀመጠልኝ! ከደብረ ብርሃን ድረስ የተሸከምኩት ቂልነቱን ነው!»

ማንም አልሳቀም። ወንድሙ ክሪኩን ወደ ፊት ወሰደና አንዱን የፊት ጎማ ከመሬት አነሣ። ጎማውም፣ ከሥር ያለው የፊት ዘንግም ላይ በከሰል መስመር አሰመረ።

«ጎማውን ሁለት ጊዜ ያዙሩ፤ ሌላው ጎማ ስለ ቆመ ሁለቱ እንደ አንድ ነው። ዘንጉን እኔ እቆጥራለሁ።»

አዞርኩ። ዘንጉ አራት ጊዜ ዞሮ ትንሽ አለፈ።

«አርባ አንድ ለአሥር» አለ። «የፊቱ ይሄ ነው። ይዘውት የመጡትም ይሄ ነው። ልክ ያልሆነው የተሰበረው ነው፤ እሱ አራት አይሞላም። በደረቅ መንገድ የኋላው ብቻ ሲሠራ ችግር የለም። ፎርዊል ሲያስገቡ ግን፣ አራቱም ጎማ አብሮ ሲሠራ ማለት ነው፣ የፊቱ በአንድ ልክ ልዙር ይላል፣ የኋላው በሌላ። ጭቃው ላይ ጎማው እየተንሸራተተ ያስታርቃቸዋል። ድንጋዩ ላይ ሲወጡ ማን ያስታርቅ? አንዱ ይሰበራል።»

ያን ቀን ትዝ አለኝ። ጭቃው አልቆ ድንጋያማው ዳገት ሲጀምር «ፎርዊሉን ላውጣው?» ብዬው ነበር። «እንዳትነኪው! ንጂ!» አለኝ። ነዳሁ።

«ሠላሳ ሰባቱን ማን ገጠመው?»

ወንድሙ ክሪኩን አየ። እኔም መልሱን አወቅሁት። ከዚያ ጉዞ በፊት መኮንን አዲስ አበባ፣ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ምናለሽ ተራ ሄዶ፣ ግማሽ ቀን ተከራክሮ አንድ ብረት በርካሽ ማምጣቱን ለሰፈሩ ሁሉ ሲያወራ ሰንብቷል። ራሱ ነው የገጠመው፤ ከመካኒክ እጅ የእኔ እጅ ይሻላል ብሎ።

«ያውቅ ነበር?»

«በተሰበረ ማግስት በክዳኑ በኩል አብረን ቆጠርን» አለ ወንድሙ። «ከዚያ እንደ ነበረ ዘጋነው።»

እትዬ አስካለ ከበሩ ላይ ሆነው ጨረሱት። «ራሴ እነግራታለሁ፣ እናንተ ግን አትንገሯት ብሎ ሦስታችንንም በማርያም አስማለን። መሐላ ነው፤ ምን እናድርግ? ስትመጪ ጊዜ ግን ገብሬ ‹ራሷ ከቆጠረች እኛ መች ነገርናት› አለ።»

ጓሮ ሄድኩ። የእንሰት ቅጠል ሰፊ ነው፤ ስድብ ይሸፍናል። ለሠላሳ ሦስት ዓመት ያጠራቀምኩትን ሁሉ እዚያ አወረድኩበት። ገናውን፣ ፋሲካውን፣ ነርሷን ጭምር። ትክክለኛውን ዕቃ ፈልጎ ገዛ፤ ቆጠረ፤ ቁጥሩን በቀይ ጻፈ፤ ጋቢውን አለበሰው፤ ከራሴ በታች አስቀመጠው። ይህን ሁሉ ከማድረግ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ማለት አይቀልም ነበር? ሦስት ቃል! ለእሱ ግን ብረት መሸከም ይቀለዋል። በኋላ ስድቡ አለቀብኝና፣ እንደምታውቁት፣ ሌላው መጣ። እትዬ አስካለ አልተከተሉኝም። ስመለስ ብቻ ለብ ያለ ውኃ አዘጋጅተው ቆዩኝ።

ሳይመሽ አርባ አንዱ ጥርስ ቦታው ገባ።

ስድስተኛው ቀን፦ ዋጫ ዳገት

ጋሽ ገብሬ ባትሪ ተዋሱ፤ ሞተሩ እንደ አስም በሽተኛ ስሎ ተነሣ። ወንድሙ «ካልተፈተነ አይታመንም» አለ። «የት እንፈትነው?» ሲል ሁላችንም የት እንደ ሆነ እናውቅ ነበር።

እኔ ነዳሁ፤ ወንድሙ ከጎኔ፣ ጋሽ ገብሬ ከኋላ። ቤቷን ያልለቀቀች አንዲት ንብ ጉልበቴ አጠገብ ስትዞር ወንድሙ በሩን ገፍቶ ሊወርድ ደረሰ። በሩ በገመድ ታስሮ ስለ ነበር ተረፈ። ዋጫን አለፍን። ዳገቱ ሥር ስንደርስ ዝናቡ አባርቶ ጭቃው እንደ ቅቤ ያብለጨልጫል። ፎርዊል አስገባሁ። ጭቃውን ወጣን። ድንጋዩ ጀመረ፤ ያን «ጓ» ጠበቅሁት። አልመጣም። የፊቱም የኋላውም እኩል እየረገጡ ወጡ።

ጫፍ ላይ ኔትዎርክ አለ። ስልኬ ጮኸ፤ ተስፋዬ ነው። ድምፁ ጎላ ስለሚል ሁሉም ሰማው።

«እህ የሺዬ! የሰበርሽው ተሠራ?»

ከኋላ ጋሽ ገብሬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ወንድሙ ወደ ደኑ ዞረ።

«አዎ» አልኩ። «የሰበርኩት ተሠራ።»

ስልኩን ስዘጋ ወንድሙ «እትዬ፣ ለምን?» አለኝ።

«እናንተ ሁለት ዓመት ሙሉ ሸፍናችሁለት፣ ሚስቱ አንዴ ብሸፍንለት ምን አለበት?»

የመመለሻውን መንገድ አልዘረዝረውም። ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ ከመኪናዋ የተቆረጠውን አንድ ቆርቆሮ ማር እትዬ አስካለ አሸክመውኛል፤ ኬላ ላይ ያሉ ፖሊሶች ሁሉ የመኪናዋን በር ለምን በገመድ እንዳሰርኩ ጠይቀውኛል። መኪናዋ አሁን በራችን ላይ ቆማለች። አሮጌው ዲፈረንሻል፣ ሠላሳ ሰባቱ፣ በዚያው ጋቢ ተጠቅልሎ አልጋው ሥር ገብቷል።

በስልክ ሸፈንኩለት። በጽሑፍ ግን ማንም አላስማለኝም። የመኮንን ሙት ዓመት የሚቀጥለው እሑድ ነው፤ ዘመድ በሙሉ ይመጣል። እንግዳው በልቶ ሲያበቃ፣ ሁለተኛው ብርጭቆ ከመነሣቱ በፊት፣ ይህ ይነበባል። የእኔ ድምፅ ደካማ ነው። ጎላ ያለው የተስፋዬ ነውና፣ የሚያነበው እሱ ነው።